ድር ቢያብር

ዕጣው የወጣው ሰኞ ጠዋት ነበር። የሳይንስ ዘገባ ኮርስ መምህራችን ርዕሶቹን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው፣ በጫማ ካርቶን አድርገው ይዘዋቸው መጡ። «አንድ አንድ አውጡ፤ መለዋወጥ ክልክል ነው» አሉን። ከጎኔ ለምትቀመጠው ጓደኛዬ የቡና በሽታ ደረሳት። ከኋላዬ ያለው ልጅ የእንሰት አጠውልግ ወጣለትና «አጎቴ ጋ ደውዬ በአንድ ማታ እጨርሰዋለሁ» እያለ ፎከረ። እኔ እጄን ሰድጄ ያወጣኋት ወረቀት ግን እንዲህ ትላለች፦ «ሰው ሠራሽ ሕዋስ እየሠሩ፣ ሕዋሳት እንዴት እንደሚጣበቁ ማጥናት»።

አይ የኔ ዕድል! እኔ እኮ ከሳይንስ ለመሸሽ ብዬ ነው ጋዜጠኝነት የገባሁት። አስረኛ ክፍል ላይ የባዮሎጂ ፈተና ወረቀቴን ደብቄ እቤት የገባሁ ሰው ነኝ። መምህሩ የፊቴን መጥቆር አይተው ነው መሰለኝ፣ ሳቅ ብለው ሌላ መመሪያ ጨመሩብን። «ጽሑፋችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ለእናታችሁ አንብቡላቸው። እናታችሁ ካልገባቸው አልጻፋችሁትም ማለት ነው።» የኔ እናት የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱም በማታ ትምህርት።

እናላችሁ፣ የመጀመሪያውን ጽሑፌን ላይብረሪ ቁጭ ብዬ በሁለት ቀን ጨረስኩት። አራት ገጽ ሞላ። «የሕዋሳት መጣበቅ በሊጋንድና በሪሴፕተር መካከል በሚፈጠር ትስስር ላይ የተመሠረተ ሲሆን…» እያለ ይቀጥላል። ሳነበው ለራሴም የተማርኩ መሰልኩ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ሲመለስልኝ ከላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጥያቄ ብቻ ሰፍሮበታል፦ «ይህን ማን ይረዳዋል? አንቺስ ገብቶሻል?»

አልገባኝም ነበር። እውነቱ እሱ ነው።

* * *

ጓደኞቼ ገፋፍተው ባዮሎጂ ዲፓርትመንት ላኩኝ። እዚያ ያገኘኋቸው መምህርት ወረቀቴን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና ወደ ጎን አስቀመጡት። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ጭጎጎት ታውቂያለሽ?»

«ጭጎጎትማ አገሬ ነው!» አልኳቸው። ከብት ጥበቃ ውለን ስንገባ ቀሚሳችን ላይ ተሰክቶ፣ እናቴ እየተራገመች የምትለቅመው እሱ አይደል?

«አንዱን ፍሬ ብትነቅይው ይከብድሻል?»

«አይከብድም።»

«መቶው አንድ ላይ ሲይዝሽስ?»

ቀሚሱ ይቀደዳል እንጂ አይለቅም። መምህርቷ የፈለጉትም ይህንኑ ነበር። የእያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋን ላይ ጥቃቅን መንጠቆዎች አሉ፤ ከፕሮቲንና ከስኳር የተሠሩ ናቸው። የአንዱ ሕዋስ መንጠቆ ከሌላው ሕዋስ መንጠቆ ጋር ሲገጥም ይያያዛል። አንዱ ብቻውን ደካማ ነው፤ ወዲያው ይለቅቃል። ብዙ ሲሆኑ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው አበው የጨረሱትን ነው እኛ በማይክሮስኮፕ የምናየው» አሉኝ።

መጣበቅ ባይኖር ሰውነታችን እንደ ፈሰሰ ጤፍ ይበተን ነበር። ደግሞ መጣበቅ ብቻውን አይበቃም፤ በሰዓቱ መያዝ፣ በሰዓቱም መልቀቅ ያስፈልጋል። ነጭ የደም ሕዋስን እንውሰድ። ጣታችንን እሾህ ሲወጋን ወታደሩ ከሚፈሰው ደም ወርዶ ቁስሉ ጋ መድረስ አለበት። ግን እንዴት ይቁም? ደም እኮ እንደ ክረምት ወንዝ ይነዳል። ቁስሉ አጠገብ ያለው የደም ሥር ግድግዳ መንጠቆ ያወጣል። ነጩ ሕዋስ ሲያልፍ ይጠለፋል፣ ይለቅቃል፣ እንደገና ይጠለፋል፤ እንዲህ እያለ ግድግዳው ላይ እንደ ኳስ ይንከባለላል። ፍጥነቱ ይቀንሳል። ቀጥሎ ሌላ ዓይነት ጠንካራ መንጠቆ ይይዘውና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ በግድግዳው መሃል ሾልኮ ወደ ቁስሉ ይገባል። ይህ ጠንካራ መንጠቆ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ጥቂት ሕፃናት አሉ። እትብታቸው ቶሎ አይወድቅም፣ ቁስላቸው መግል አይዝም፣ ኢንፌክሽን ይመላለስባቸዋል። ወታደሩ በደማቸው ሞልቶ ሳለ መውረድ አይችልማ!

«ታዲያ ይሄ ከታወቀ ሰው ሠራሽ ሕዋስ መሥራት ለምን አስፈለገ?» አልኳቸው።

«ቅዳሜ ገበያ መሃል ቆመሽ አንድ ሰው ሲያንሾካሹክ ለመስማት ሞክረሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

በሕይወት ያለ ሕዋስ ገበያ ነው ለካ። ቅርጹን ይለውጣል፣ መልእክት ይቀበላል፣ አንዱን መንጠቆ ደብቆ ሌላውን ያወጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድ ጊዜ ነው። ተጣብቆ ብታዩት በየትኛው መንጠቆ እንደተጣበቀ፣ ራሱ ፈልጎ ይቆይ አይቆይ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ገበያውን ይበትኑታል። ባዶ ኳስ ይሠራሉ፤ አንድ ዓይነት መንጠቆ ብቻ ይለጥፉበታል፤ ከዚያ ቁጭ ብለው ያያሉ።

ኳሱ ከምን ይሠራል? እዚህ ላይ መምህርቷ ስለ እንቁላል አስኳል አነሡልኝ። አስኳል ውስጥ ሌሲቲን የሚባል ቅባት አለ። ራሱ ውኃ ይወዳል፣ ጅራቱ ውኃ ይሸሻል። ውኃ ውስጥ ሲገባ ጅራትና ጅራት ተደባብቀው፣ ራስ ወደ ውጪና ወደ ውስጥ ሆኖ በሁለት ንብርብር ይሰለፋል፤ ዳርና ዳሩም ገጥሞ ኳስ ይሆናል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኬምብሪጅ አጠገብ ባብራሃም በሚባል የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ አሌክ ባንግሃም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየው። ዛሬ ሊፖሶም የምንለው እሱ ነው። የኛም ሕዋሳት ሽፋን የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ደረጃ በደረጃ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሎውረንስና ስፕሪንገር የተባሉ ተመራማሪዎች የደም ሥሩን ግድግዳ አስመስለው ሠሩ። መስታወት ላይ ስስ የቅባት ንብርብር አነጠፉ፣ መንጠቆ ተከሉበት፣ በላዩ ላይ እውነተኛ ነጭ የደም ሕዋሳትን በፈሳሽ አሳለፉ። ሴሌክቲን የሚባለው መንጠቆ ብቻ ሲኖር ሕዋሳቱ ተንከባለሉ፤ ግን አልቆሙም። ለመቆም ሁለተኛው ዓይነት መንጠቆና የማንቂያ መልእክት አስፈለጋቸው። የመንከባለልና የመቆም ሥራ ለየብቻ መሆኑ በዚህ ለየ።

እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ዳንኤል ሐመር የተባለው አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሕዋሱን ራሱን አስወጣው። በምትኩ ሕዋስ የሚያህሉ የፕላስቲክ ዶቃዎች ገቡ፤ እያንዳንዳቸው ወደ አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር የሚጠጉ። ነጭ የደም ሕዋስ ላይ ያለውን፣ ሲያሊል ሉዊስ ኤክስ የሚባለውን የስኳር መንጠቆ ቀቧቸው። በሴሌክቲን በተሸፈነ ወለል ላይ ፈሳሽ ሲነዳቸው፣ ዶቃዎቹ እንደ ነጭ የደም ሕዋስ እየተጠለፉና እየለቀቁ ተንከባለሉ። ሕይወት የላቸውም፤ ግን ተንከባለሉ! ለመንከባለል መንጠቆውና የፈሳሹ ግፊት ይበቃሉ ማለት ነው። ሐመር እ.ኤ.አ. በ1999 ከነዴኒስ ዲሸር ጋር ሆኖ ከቅባት ይልቅ ከፖሊመር የተሠራ፣ በቀላሉ የማይበጠስ ኳስም ይዞ ብቅ አለ።

መምህርቷ በመጨረሻ የተናገሩትን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። «ልብ በይ፤ ዶቃው ሕዋስ ነው ያለ ሰው የለም። ኒውክለስ አውጥተናል፣ ቅርጽ መለወጥ አውጥተናል፣ መልእክት አውጥተናል ብለው ያወጡትን ሁሉ ይጽፋሉ። ሞዴል ማለት ያወጡትን አውቆ፣ ማውጣታቸውን ተናግሮ ነው።»

ያን ቀን ይህ አባባል ደስ ስላለኝ ብቻ ነበር የጻፍኩት።

* * *

ወደ ላይብረሪ ተመልሼ ስፈልግ ጆርጅ ቤል የሚባል ሰው አገኘሁ። በአሜሪካው ሎስ አላሞስ የምርምር ማዕከል የሚሠራ የፊዚክስ ሰው ነበር። ሕዋሳት በመንጠቆ ሲያያዙ ምን ያህል ኃይል እንደሚለያያቸው በሂሳብ ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ጽሑፍ ነው። ሐሳቡን እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። መንጠቆ ሁሉ ሳይጎትቱትም አንድ ቀን ይለቅቃል። ስትጎትቱት ግን ቶሎ ይለቅቃል፤ ጉልበት በጨመራችሁ ቁጥር ደግሞ ዕድሜው እጥፍ በእጥፍ ያጥራል። ከዶቃዎቹ መንከባለል በስተጀርባ ያለው ሂሳብ ይኸው ነው።

የገረመኝ ሌላ ነው። ይኸው ቤል ተራራ ወጪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ከዓለም በከፍታ ሁለተኛ የሆነውን ኬቱን ሊወጡ ከሄዱት አሜሪካውያን አንዱ ነው። ነሐሴ 10 ቀን 1953 የታመመ ጓደኛቸውን በማዕበል ውስጥ ሲያወርዱ ቤል በረዶው ላይ አንሸራተተው። በገመድ የተያያዘውን ጓደኛውን ይዞት ሄደ፤ ገመዶቹ ተጠላልፈው ሌሎቹንም ጎተቱ። ፒት ሾኒንግ የሚባለው ወጣት ብቻ የበረዶ መጥረቢያውን ከድንጋይ ኋላ ሰክቶ፣ ገመዱን አጥብቆ ሁሉንም ያዛቸው። በሽተኛው ጓደኛቸው ከዚያ በኋላ ተራራው ላይ ቀረ። ቤል ግን ተርፎ ከ25 ዓመት በኋላ መንጠቆ መቼ ይለቅቃል የሚለውን ጻፈ። ሁለቱን ያገናኛቸው እሱ ራሱ ይሁን እኔ አላነበብኩም፤ እኔ ግን ሳነብ ያቺ ገመድ ከዓይኔ አልጠፋችም።

* * *

በሁለተኛው ቀጠሮ መምህርቷ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጣል አደረጉ። «ለኛ አገር አንባቢ የምትጽፊ ከሆነ ወባን አትርሺ። ወባ እኮ የመጣበቅ በሽታ ነው።»

እጄ ላይ ያለው እስክሪብቶ ቆመ።

ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ በ48 ሰዓት ገደማ ያድጋል፣ ይባዛል፣ ያፈርሰዋል። በመጀመሪያው አጋማሽ የታመመው ሕዋስ ከደም ጋር ይዞራል። በሁለተኛው አጋማሽ ግን ሽፋኑ ላይ ጥቃቅን ጉብታ ያወጣል፤ ጉብታው ላይ መንጠቆ ይተክላል፤ ከዚያ የቀጭን ደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። የሚጣበቀው ጣፊያ እንዳትይዘው ነው። ጣፊያ የተበላሸ ቀይ ሕዋስ የምታጣራ ወንፊት ናት፤ የማይዞር ደግሞ ወንፊቷ ጋ አይደርስም። ተውሳኩ 60 ያህል ዓይነት መንጠቆ የሚሠራበት መመሪያ ስላለው፣ ሰውነታችን አንዱን ሲለየው ሌላውን ያወጣል። የተጣበቀበት ቦታ አንጎል ከሆነ ደም መንገድ ያጣል። አገር ቤት «ወባው ራሱ ላይ ወጣ» የምንለው ይህንን ነው።

ይህንንም በሰው ሠራሽ ግድግዳ ፈትሸውታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተለያዩ መንጠቆዎችን ለየብቻ ወለል ላይ ቀብተው፣ ወባ ያለባቸውን ቀይ ሕዋሳት በላዩ ሲያፈስሱ፣ በአንዱ ላይ ተንከባለሉ፣ በሌላው ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ዛሬ ደግሞ ጄል ውስጥ ሰው ሠራሽ ቀጭን የደም ሥር ቀርጸው ያንኑ ያያሉ። ለከባድ ወባ የሚሰጠው አርቴሱኔት ከኪኒን፣ ማለትም ከድሮው ኩዊኒን የበለጠበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ተውሳኩን ገና ሳይጣበቅ በልጅነቱ ይገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ በወጣው፣ ከ5400 በላይ አፍሪካውያን ሕፃናት በተካፈሉበት ጥናት ሞትን በ22 በመቶ ገደማ ቀንሷል።

«አንድ ነገር ጨምሪበት» አሉኝ መምህርቷ። «ላብራቶሪ የሚታየው ከጣት የተወሰደ ደም ነው። የተጣበቀው ግን ከጣት አይወጣም። ስለዚህ አንዳንዴ ሰውዬው በጠና ታሞ እያለ ስላይዱ ላይ ጥቂት ይታያል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ላይታይ ይችላል። አንድ ነጋቲቭ ወረቀት ወባ የለም ማለት አይደለም። ትኩሳቱ ካለ ምርመራው መደገም አለበት።»

አመስግኛቸው ወጣሁ። ካፌው ኋላ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ።

* * *

አምና፣ አንደኛ ዓመት ሳለን «ከሕይወታችሁ ጻፉ» ተብለን የጻፍነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የኔ የዲፓርትመንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ስለ ወንድሜ ነበር የጻፍኩት።

ወንድም ዓለም በ2009 ዓ.ም. ክረምት ሰሊጥ ሊያርም መተማ ወረደ። 19 ዓመቱ ነበር። እኔ 13። መስከረም ላይ ደብተርና ሰማያዊ ሹራብ ገዝቶልኝ ተመለሰ። በሳምንቱ ትኩሳት ያዘው። ከተማችን ወዳለው አንድ ትንሽ ላብራቶሪ ወሰድነው። ወረቀቱ ላይ «ወባ፦ ነጋቲቭ» ተብሎ ተጻፈ፤ ታይፎይድ ነው ተባለና መድኃኒት ተሰጠው። በሁለተኛው ሌሊት መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ራሱን ሳተ። ሆስፒታል ስናደርሰው ፋልሲፓረም ነው አሉ። ሁለት ቀን ኖረ።

ከሠልስቱ በኋላ አባቴ ዱላውን ይዞ ላብራቶሪው በር ላይ ሄደ። ጎረቤት ነው የያዘው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የባለሙያው ስም አይጠራም፤ «ያ ሰውዬ» ነው የሚባል።

እኔም የጻፍኩት ይህንኑ ነበር። ሰውዬው ሳያይ ጻፈ፣ ወንድሜም ሞተ። ጽሑፉን ያነበበ ሁሉ አለቀሰ። ውጤቱም ጥሩ መጣ። አንድ ልጅ ሰሌዳው ላይ ያለውን በስልኩ አንስቶ የከተማችን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ስም አልጠራሁም ነበር፤ ሁለት ላብራቶሪ ብቻ ባላት ከተማ ስም መጥራት ያስፈልጋል እንዴ?

አሁን የማወራው ግን ያልጻፍኩትን ነው። ወንድም ዓለም በተቀበረ በሳምንቱ ልብሱን ያጠብኩት እኔ ነበርኩ። ከሱሪው ኪስ የወባ ኪኒን ወጣ። 24 ፍሬ ከሚይዘው ውስጥ የጎደለው 8 ብቻ ነው። መተማ ላይ ታሞ ነበር፤ ገዝቶ ጀመረ፤ ሲሻለው ተወው። ያን ፓኬት ለአባቴ አላሳየሁም። ፈራሁ። አምና ስጽፍም አስታውሼው ነበር፤ በደንብ አስታውሼዋለሁ። አንድ አንቀጽ ጀምሬለት «ታሪኩን ያበላሸዋል» ብዬ ሰረዝኩት። የተጀመረ ኪኒን በደም ውስጥ የሚታየውን ተውሳክ ሊያሳንሰው እንደሚችልም መምህርቷ ጠይቄያቸው ነግረውኛል።

መምህርቷ ስለ ሞዴል የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው የተመለሰብኝ። ዶቃውን የሠሩት ሰዎች ኒውክለሱን ሲያወጡ «አውጥተናል» ብለው ጽፈዋል። እኔም አወጣሁ። ኪኒኑን አወጣሁ፤ ሰውዬው ምን እንዳየ አለመጠየቄን አወጣሁ። አንዲት መንጠቆ ብቻ አስቀርቼ የሞትን ክብደት ሁሉ እሷ ላይ አንጠለጠልኩ። ማውጣቴን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

* * *

ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ በማክሰኞው ሄድኩ። ብቻዬን። ላብራቶሪው አሁንም አለ፤ አግዳሚው ላይ ግን አንዲት ሴትዮ ብቻ ነው የተቀመጠችው። ሰውዬው ጸጉራቸው ነጭቷል። ማን እንደሆንኩ ሳልነግራቸው አወቁኝ።

«የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ» አሉኝ። «ልጄ ነው ያሳየኝ።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ እንቢ አለ። ወንበር ሳቡልኝ። የመጣሁት ምን እንዳዩ ልጠይቃቸው መሆኑን እንደምንም ተናገርኩ። ከአምናው ጽሑፌ በፊት መቅደም የነበረበት ጥያቄ ነው።

«መቶ ቦታ አየሁ» አሉኝ። «ስላይድ ነጋቲቭ ከመባሉ በፊት መቶ ቦታ ይታያል፤ የተማርነው እንደዚያ ነው። ልጁ ከመተማ መምጣቱን ሰምቼ ነበርና እንደገና ከዳር ጀመርኩ። አላየሁም። ያላየሁትን ጻፍኩ።» ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ ቀጠሉ። «አንድ ያልጻፍኩት ነገር ግን አለ። ካልተሻለው ነገ መልሳችሁ አምጡት አላልኩም። አግዳሚው ላይ ሰው ሞልቶ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ እሱን ነው የማስበው።»

ስለ ኪኒኑ ነገርኳቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዳመጡኝ። «ያኔ ብታውቁና ብትነግሩኝ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። «አንቺ ልጅ ነበርሽ» አሉኝ በመጨረሻ።

ወንድሜን ምን እንደገደለው ዛሬም በእርግጠኝነት አልጽፍም። ተውሳኮቹ ተጣብቀው ተሰውረው ሊሆን ይችላል፤ ስምንቱ ኪኒን የሚዞሩትን አጥፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። «ነገ ተመለሱ» የሚል አንድ ቃል ይለውጠው እንደነበርም አላውቅም። ሰውዬው ሳያይ ጻፈ የሚለውን ግን የምጽፍበት ማስረጃ የለኝም። ያኔም አልነበረኝም።

* * *

የኮርሱን ጽሑፍ ለእናቴ ያነበብኩላት በዚያው ሳምንት፣ ቡና ሲፈላ ነው። እንደ ወንፊት ያለችውን ጣፊያ ወደደቻት። ዶቃዎቹ ጋ ስደርስ አስቆመችኝ። «ሕይወት ሳይኖረው ተንከባለለ ነው የምትይኝ?» አለች። አዎ አልኳት። «ጉድ ነው» ብላ ሙቀጫዋን አስቀመጠች። ስለ ኬቱ ገመድ ሳነብ «የያዘው ልጅ እናቱ ትባረክ» አለች።

ወባው ጋ ስደርስ ዝም አለች። ጨርሼም ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ ጠየቀችኝ፦ «እንግዲያ ከጣቱ ያልወጣው ለዚህ ነው?»

«ሊሆን ይችላል እማ። እርግጠኛ መሆን አይቻልም።»

ፓኬቱን ከቦርሳዬ አወጣሁት። ስምንት ዓመት ደብተር ውስጥ ነበር ያኖርኩት። አገላብጣ አየችው፤ የጎደለውን በጣቷ ቆጠረችው። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገረችኝ። ያን ሌሊት ሲያተኩሰው ሆስፒታል እንውሰደው ብላ ነበር፤ ወረቀቱ ወባ የለም ይላል ብላ ራሷ እስኪነጋ አቆየችው። እሷም ለአባቴ አልነገረችውም።

ለካ ቤታችን ሁላችንም አንድ አንድ ነገር አውጥተን ነበር የምንኖረው።

አባቴ ማታ ሲገባ ሁለታችንም ነገርነው። ብዙ አልተናገረም። በማግስቱ ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በላብራቶሪው በኩል ዞሮ እንደመጣ ጎረቤት ነገረችን። ገብቶ ይሁን አይሁን እሱም አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅነውም።

እንግዲህ ውድ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎችና መምህራን፣ ይህ ጽሑፍ ስለ ሰው ሠራሽ ሕዋስ ነው ብዬ ብጀምረውም እርማትም ነው። በአንደኛ ዓመት ክርስቶፎቻችን «ጋዜጣ ሲሳሳት እርማቱን ስሕተቱ በወጣበት ቦታ ያወጣል» ብለን ተምረናል። የኔ ስሕተት የተለጠፈው በዚህ ዲፓርትመንት ሰሌዳ ላይ ነበርና እርማቱም እዚሁ ይውጣልኝ ብዬ አዘጋጆቹን ለመንኩ፤ ፈቀዱልኝ። ጽሑፉን ከተማችን ግሩፕ ላይ የለጠፈውንም ልጅ ይህንኛውን እንዲለጥፍልኝ ነግሬዋለሁ።

ከቆላ የመጣ ሰው ትኩሳት ይዞት «ነጋቲቭ» የሚል ወረቀት ቢሰጣችሁ፣ ወረቀቱን አምናችሁ አትተኙ፤ በማግስቱ መልሳችሁ አስመርምሩት። የጀመረውን ኪኒን እንዲጨርስ ንገሩት። በኪሱ ያገኛችሁትን ደግሞ ለሐኪሙ አሳዩ።

ቸር እንሰንብት።